ብሉቤሪ በሙዝ ቀመር አይባዛም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ብሉቤሪ (ትንንሽ ሰማያዊ ፍሬ ስለሚያፈራው ቁጥቋጦ) ልማት በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር ይደጋገማል። ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳና ድንች በቲሹ ካልቸር (ከተክል የተቆረጠ ትንሽ ክፍልን በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በማሳደግ) የሚያባዙ ላቦራቶሪዎች አሉን፤ አሲዳማ አፈርም አላጣንም፤ ስለዚህ ጥቂት የብሉቤሪ ተክል አስመጥቶ በጠርሙስ ማባዛትና ማከፋፈል ብቻ ነው የቀረን ይባላል። ላቦራቶሪው፣ በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው አውቶክሌቭና የሠለጠነው እጅ መኖራቸው ቀላል ነገር አይደለም። ብሉቤሪ ግን በሙዝ መንገድ አይሄድም፤ ገንዘቡ በብዛት የሚጠፋውም ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ነው። በዕፅዋት ማባዣ ላቦራቶሪ የምንሠራ እንደመሆናችን ቁጥሩን ከነምክንያቱ ብናስቀምጥ ለሚያቅደውም ለሚዘግበውም ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

ከሚዲየሙ፣ ማለትም ቀንበጡ ጠርሙስ ውስጥ ከሚያድግበት ምግብ እንጀምር። ሙዝ የሚባዛው በኤምኤስ ሚዲየም ነው። ይህ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1962 ለትምባሆ ሕብረ ሕዋስ የወጣ ሲሆን በአንድ ሊትር 1,650 ሚሊ ግራም አሞኒየም ናይትሬትና 1,900 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ይዟል። ለሙዝ ድግስ ነው፤ ለብሉቤሪ ግን ጨው ይበዛበታል። ብሉቤሪ በባሌና በሰሜን ተራሮች ከምናውቀው ከአስታ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ተክሎች ናይትሮጅንን በአሞኒየም መልክ ማግኘት ይመርጣሉ፤ ናይትሬትም፣ ክሎራይድም፣ ጠቅላላ ጨውም ሲበዛ ቅጠላቸው ይቀላል፣ ጫፉ ይደርቃል፣ እድገቱም ይቆማል። ስለዚህ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1980 ሎይድና ማካውን ለዚሁ ቤተሰብ ቁጥቋጦ ያወጡት ውዲ ፕላንት ሚዲየም ነው። በአንድ ሊትር አሞኒየም ናይትሬቱ 400፣ ካልሲየም ናይትሬቱ 556፣ ካልሲየም ክሎራይዱ 96፣ ፖታሲየም ሰልፌቱ 990፣ ማግኒዥየም ሰልፌቱ 370፣ ፖታሲየም ፎስፌቱ 170 ሚሊ ግራም ነው። ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል በውስጡ የለም፤ ልዩነቱም ዋናው እዚያ ላይ ነው። ስኳር ከ20 እስከ 30 ግራም ይበቃል።

የሚዲየሙ የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ5.0 እስከ 5.2 ይስተካከላል፤ በሙዝ የተለመደው 5.8 እዚህ አይሠራም። ታዲያ ሚዲየሙን የሚያረጋው አጋር ያስቸግራል። አጋር አሲድ ውስጥ ሲቀቀል ይሰባበራል፤ በኤምኤስ በሊትር 6 ግራም የሚረጋው እዚህ ሾርባ ሆኖ ይቀራል፣ ቀንበጡም ይወድቃል። መፍትሔው አጋሩን ከ0.5 እስከ 1 ግራም መጨመር፣ ወይም 3.5 ግራም አጋርን ከ1.5 ግራም ገደማ ጄላን (ሌላው ማርጊያ) ጋር መቀላቀል ነው። ጄላንን ብቻውን የሚጠቀም ሰው ሚዲየሙ ቢያምርለትም ቅጠሉ መስታወት የመሰለ፣ ውኃ ያቆረ ቀንበጥ ይበዛበታል። እንዲህ ያለው ቀንበጥ ከጠርሙስ ሲወጣ አይተርፍም።

አውቶክሌቭ ላይ የከፍታችን ነገር ይረሳል። መጽሐፎቹ የሚጽፉት 121 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ ይህ ቁጥር የባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ የጌጁ መርፌ 15 ላይ ሲደርስ የውስጡ ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ መርፌው ወደ 18 ወይም 19 ፒኤስአይ መጠጋት አለበት። ስለዚህ መሣሪያው ይህን ግፊት እንደሚችል ከተረጋገጠ በኋላ የሙቀት መለኪያውን እንጂ የግፊቱን ጌጅ አትመኑ። ግፊቱን መጨመር የማይችል መሣሪያ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚገባውን ሚዲየም በትንንሽ ዕቃ ማከፋፈልና ጊዜውን ማርዘም ይቀራል፤ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ያው የአጋሩ ጣጣ ይመለሳል። በብዙ ላቦራቶሪ «ምንጩ ያልታወቀ ባክቴሪያ» የሚባለው አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። በአውቶክሌቭ ፋንታ የእንፋሎት ድስት የሚጠቀሙ ትንንሽ ላቦራቶሪዎችም ከዚህ አያመልጡም።

ሆርሞኑ ሁለተኛው የልዩነት ቦታ ነው። ሙዝ ቢኤፒ በሚባለው ሆርሞን ይፈላል፤ ቢኤፒ ርካሽ ነው፣ በየመደርደሪያውም አለ። ብሉቤሪ ላይ ሲሞከር ግን ግርጌው ላይ ካለስ (ቅርጽ የሌለው የሕዋስ እብጠት) ያበቅላል፣ ይጠቁራል፣ አዲስ ቀንበጥ አይሰጥም። ብሉቤሪ የሚያዳምጠው ዚያቲን ወይም 2አይፒ የሚባሉትን ሆርሞኖች ነው። ዚያቲን ለማስጀመሪያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ካደገ በኋላ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ 2አይፒ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ዚያቲን ውድ ነው ብሎ መሸሽ የሚያዋጣ አይመስለንም። አንድ ግራም ዚያቲን በ2 ሚሊ ግራም ሒሳብ 500 ሊትር ሚዲየም ያወጣል፤ በጠርሙስ 33 ሚሊ ሊትር ቢደረግ 15,000 ጠርሙስ ማለት ነው። ጥንቃቄው ከሚዲየሙ ጋር አብሮ አለመቀቀሉ ላይ ነው። በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አልፎ፣ ሚዲየሙ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ሲበርድ ላሚናር (የተጣራ አየር የሚነፍስበት የሥራ ካቢኔ) ውስጥ ይጨመራል። ቀቅሎት «ዚያቲን አይሠራም» የሚል ሰው አይጠፋም።

የእናት ተክል ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ከጓሮው ቆርጦ በሻንጣ ቢልክልን የሚሉ አሉ። ይህ በሁለት በኩል ያከስራል። አንደኛ፣ ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬትና ያለ ማስገቢያ ፈቃድ የሚመጣ ግንድ ስኮርች፣ ሬድ ሪንግስፖት ወይም ሹስትሪንግ የሚባሉትን ቫይረሶች ይዞ ሊገባ ይችላል። ቲሹ ካልቸር ቫይረስ ያጠራል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያሳስታል። አንጓ ቆርጦ ማባዛት ቫይረሱንም አብሮ ማባዛት ነው። የሚያጠራው እናቱን በሙቀት አቆይቶ፣ ከጫፉ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሜሪስተም (የሚያድገውን የጫፍ ሕብረ ሕዋስ) በማይክሮስኮፕ ሥር አውጥቶ ማሳደግና ከዚያ በኋላ ኤላይዛ ወይም ፒሲአር በሚባለው የቫይረስ ምርመራ መመርመር ነው። ሁለተኛ፣ ሜሪላንድ ወይም ሚሺጋን ጓሮ ውስጥ ያለው በአብዛኛው እንደ ብሉክሮፕ ያለ የሰሜን ዝርያ ነው፤ ከ7 ዲግሪ በታች 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብም። የእኛ ደጋ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ያሞቀዋል፤ ያን ያህል ሰዓት አይጠራቀምም። እዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ብርድ የሚበቃው የደቡብ ዝርያ ነው፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ባይሎክሲ፣ ወይም የፍሎሪዳው ሻርፕብሉ። ከአዲሶቹ ዝርያዎች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው፤ ያለ ፈቃድ ማባዛት በውልም በአዳቃዮች መብት ሕግም ያስጠይቃል። ከገዢ ሀገርም ጭነት ሊያስመልስ ይችላል።

ቁራጩ የሚወሰደው በግሪንሃውስ ውስጥ ካደገ፣ ከላይ ሳይረጭ ከሥር ከጠጣ እናት ተክል ላይ፣ ገና ካልጠነከረ አዲስ ቀንበጥ ነው። ቅጠሉ ይነሣል፤ አንድ ወይም ሁለት አንጓ ያለው ሆኖ ይቆረጣል፤ በሚፈስ ውኃ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይታጠባል። ከዚያ 70 በመቶ አልኮል 30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ አንድ አምስተኛው በረኪና አራት አምስተኛው ውኃ የሆነ ድብልቅ (በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 በመቶ ሃይፖክሎራይት ይሆናል) ሁለት ጠብታ ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ተጨምሮበት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በመጨረሻም ሦስት ጊዜ በንጹሕ የተቀቀለ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ፀሐይ ላይ የቆየ የበረኪና ጠርሙስ ኃይሉ ይወርዳል፤ የተመረተበትን ቀን ማየት ነው። በረኪናው የነካው ጫፍና ጫፍ በአዲስ ቢላ ይከረከማል። በአንድ ቱቦ አንድ ቁራጭ ብቻ፤ አምስት አብሮ ያስቀመጠ አንዱ ሲሻግት አምስቱን ይጥላል። የተቆረጠው ጫፍ ቡናማ ፈሳሽ ከለቀቀ ሚዲየሙ እስኪጠቁር ሳይጠበቅ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ አዲስ ሚዲየም ይዛወርና የመጀመሪያውን ሳምንት በጨለማ ያሳልፋል።

ሻጋታ በሳምንት ውስጥ ራሱን ያሳያል። የሚያስቸግረው በግንዱ ውስጥ ተደብቆ የሚገባው ባክቴሪያ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተዛወረ በኋላ በቀንበጡ ግርጌ ዙሪያ ደመና የመሰለ ጉም ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ አንድ ቱቦ የነበረው መቶ ጠርሙስ ሆኗል። ስለዚህ ገና ሲጀመር ከእያንዳንዱ መስመር (ከአንድ ቁራጭ ከተባዙት ቀንበጦች) ግርጌ ስስ ቁራጭ ባክቴሪያ በሚያበቅለው ኑትሪየንት አጋር ላይ አስቀምጦ በ28 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ማየት ያስፈልጋል፤ ያበቀለውን መስመር ደግሞ ሳያመነቱ መጣል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይደብቀዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ ላቦራቶሪውን ለወራት የሚያታልለውም እሱ ነው።

ቀንበጡ ከጠርሙሱ ጋር ተለማምዶ እኩል ማደግ እስኪጀምር አራት፣ አምስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በሙዝ የለመደ ሥራ አስኪያጅ ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ሆርሞን ጨምሩ ይላል። ሆርሞን ሲጨመር ከአንጓው ሳይሆን ከካለሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀንበጥ ይፈላል። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ግን ከካለስ የወጣ ቀንበጥ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሬው ሲታይ ነው። የሚወሰደው ከአንጓ የወጣው ብቻ ነው። በ24 ዲግሪ፣ በቀን 16 ሰዓት መጠነኛ ብርሃን፣ በየስድስት ሳምንቱ ሲዛወር በአንድ ዙር ሦስት እጥፍ ማሰብ ጤናማ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ጨርሰን እንየው። ከ20 ንጹሕ ቀንበጥ ተነሥቶ ስድስት ዙር በሦስት እጥፍ ቢባዛ 14,580 ይሆናል፤ 36 ሳምንት ነው። በየዙሩ 10 በመቶ ብቻ በሻጋታና በመጠውለግ ቢጠፋ ግን የሚቀረው 7,750 ያህል ነው፤ ግማሽ ማለት ይቻላል። በዕቅድ ሰነድ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ይጻፋል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ተጠያቂው የላቦራቶሪ ሠራተኛው ይሆናል። ማስጀመሪያው አምስት ወር፣ ማባዣው ስምንት ወር ተኩል፣ ሥር ማስወጣቱ ሁለት ወር፣ ለማሰሮ እስኪደርስ ማሳደጉ አምስት ወይም ስድስት ወር ሲደመር ሃያ አንድ ወር ገደማ ነው። በአንድ የበጀት ዓመት ችግኝ እናከፋፍላለን የሚል ዕቅድ ካያችሁ የጻፈው ሰው ብሉቤሪ አላባዛም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሙዝ ጠርሙስ ውስጥ ሥር አውጥቶ ይወጣል። ብሉቤሪን እንዲሁ ማድረግ ቢቻልም አንመክርም፤ አጋር ውስጥ የወጣ ሥር ተሰባሪ ነው፣ አፈር ሲገባም አብዛኛው ይሞታል። የብሉቤሪ ሥር በተፈጥሮው የሥር ፀጉር የሌለው፣ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ጭቃ ውስጥም ደረቅ ውስጥም አይቆይም። የሚሻለው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ቀንበጥ ቆርጦ፣ ስኳሩን አጥቦ፣ ግርጌውን በሊትር 1 ግራም አይቢኤ (ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን) ባለው ፈሳሽ ለአፍታ ነክሮ ቀጥታ የችግኝ ትሬ ላይ መትከል ነው። አንድ ሙሉ የላቦራቶሪ ደረጃ ይቆጠባል።

ትሬው ላይ የሚሞላው ስፋግነም ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የተክል ብስባሽ) ሦስት እጅ፣ ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) አንድ እጅ ነው። ለአበባና ለአትክልት ችግኝ ተብሎ የሚመጣው ፒት በአብዛኛው ኖራ የተጨመረበት፣ ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6.5 የሆነ ነው፤ ለብሉቤሪ ኖራ ያልገባበት፣ ከ4.2 እስከ 4.8 ያለው መሆኑን ከረጢቱ ላይ ማንበብ፣ ማንበብ ብቻም ሳይሆን መለካት ያስፈልጋል። ከጠርሙስ የወጣ ቅጠል የሰም ሽፋኑ ስስ ነው፤ ቀዳዳዎቹም መዘጋት አያውቁም። ስለዚህ ትሬው በፕላስቲክ ዋሻ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ እርጥበት፣ ከላይ ከ60 እስከ 70 በመቶ ጥላ፣ ከሥር ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልገዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ሌሊት ይበርዳል፣ የቀኑ ንፋስ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ከሥር የሚያሞቅ ነገር የሌለው ዋሻ በእነዚህ ወራት ሥር አያወጣም። በክረምት በተቃራኒው ብርሃን ያንስና ግራጫው ሻጋታ ቦትራይቲስ ይነሣል፤ የወደቀ ቅጠል በየቀኑ መልቀም ነው።

ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ሥር ይታያል። ከዚያ ዋሻውን በአንድ ጊዜ መክፈት ሳይሆን መጀመሪያ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ እያስረዘሙ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ መግለጥ ነው። ማዳበሪያ ሥር ሳይታይ አይሰጥም፤ ሲሰጥም አሞኒየም ሰልፌት ላይ የተመሠረተ፣ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን የማይበልጥ። በሁለተኛው ቀን ጠቅላላው ከጠወለገ እርጥበቱ ነው፤ ግርጌው ከጠቆረ ውኃ በዝቷል፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ብረት ተቆልፏል። በዚህ የመጨረሻው ጊዜ ብረት መርጨት ለሳምንት ያስደስታል፤ መስተካከል ያለበት ግን ውኃው ነው።

ውኃው ሳይመረመር ግሪንሃውስ መሥራት ትልቁ ኪሳራ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ባይካርቦኔትና ሶዲየም የበዛበት በየቦታው አለ። በሊትር 300 ሚሊ ግራም ባይካርቦኔት ላለው ውኃ በ1,000 ሊትር 125 ሚሊ ሊትር ገደማ 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ አብዛኛውን ይገድለዋል፤ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ጓንትና መነጽርም ግድ ነው። ሶዲየሙን ግን አሲድ አያወጣውም፤ እሱ የበዛበት ቦታ ለብሉቤሪ አይሆንም። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ከሁሉም ይረክሳል። በፒት ፋንታ ኮኮ ፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) የሚጠቀሙም በካልሲየም ናይትሬት ፈሳሽ ነክረው ጨዉን ካላጠቡ በስተቀር ፖታሲየሙና ሶዲየሙ ችግኙን ያቃጥለዋል።

«አሲዳማ አፈር አለን» የሚለውም በጥንቃቄ ይባል። በአዊም በወለጋም ያለው አሲዳማ አፈር ሸክላማ፣ አሉሚኒየም የሚያስቸግርበት፣ ብስባሹ ያለቀ ነው። ብሉቤሪ አሲድ ይወዳል ሲባል በብስባሽ የበለጸገ፣ ልል፣ ውኃ የማያቁር አሲዳማ አፈር ማለት ነው። ለአዊ ገበሬ አፈሩን የሚያክምበትን ኖራ አስቀርቶ ብሉቤሪ ይትከል ማለት ከወዲሁ ማክሰር ነው። በማሰሮ፣ በተዘጋጀ ማሳደጊያ ይጀመር።

የእኛ ሐሳብ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። መጀመሪያ ውኃው ይመርመር፣ ዋሻው ይሠራ፤ ቫይረስ የተመረመረ፣ ፈቃድ ያለው ቀንበጥ ከነጠርሙሱ ከውጭ ይምጣና የእኛ ሠራተኞች ሥር ማስወጣቱንና ማላመዱን ይቻሉት። ከመቶ ሰማንያ አምስቱን ማትረፍ ሲጀምሩ ማባዛቱ እዚህ ይጀመር። ለጥቂት ሺህ ችግኝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቲሹ ካልቸር አያስፈልግም፤ ለስላሳ ቁርጥራጭ ከንጹሕ እናት ተክል ላይ ወስዶ በዚያው ዋሻ ማስነሣት ይበቃል። ከጠርሙስ የመጣው ከግርጌው ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ጥቅሙ ይህ ቢሆንም ለጥቂት ሺህ ተክል ሲባል ላቦራቶሪ አያስገነባም።

ችግኝ ለመግዛት ያሰበ ባለሀብት ወይም ማኅበር ሻጩን የዝርያውን የፈቃድ ወረቀት፣ የእናት ተክሉን የቫይረስ ምርመራ ውጤትና ቀኑን፣ ስንት ዙር እንደተዛወረ፣ ትሬው ውስጥ ያለው ማሳደጊያ ፒኤቹ ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። ከትሬው አንዱን ነቅሎ ሥሩን ይይ፤ ነጭ ክር ማሳደጊያውን ዙሪያውን ይዞት ካልወጣ ገና ነው። ከጠርሙስ ከወጣ ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቢረክስም አይግዛ።

ከአክብሮት ጋር፣
በዕፅዋት ቲሹ ካልቸር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች